በጥርስ የተበጠሰ ክር

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ያስታወሰችው ከበጠሰችው በኋላ ነው።

ድምፁ ትንሽ ነበር። «ቀጭ» አለ፣ እግር ስር እንደገባ የሸሚዝ ቁልፍ። እትዬ መርፌ ሰማያዊውን ካፖርት ጭኗ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቁልፉ ተተክሏል፣ ክሩ ተበጥሷል፣ ሥራው አልቋል። ወራት ሙሉ «አደራ፣ እንደ እንቁላል ያዥው» የተባለችለት የፊት ጥርሷ ግን ምን እንደሆነ አልታወቀም።

«ምነው እትዬ፣ መርፌ ዋጡ እንዴ?» አለ ጫማ ሠሪው ከወዲያ። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ከላይ ክፍት ስለሆነ ሳል እንኳ የጋራ ነው።

«ምንም አልሆንኩም።»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ። ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ ዝም አይልም።»

እትዬ መርፌ ያላት ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊነቱን የጀመረችው ከባሏ ጋር ነበር፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። መቀስ የእሱ፣ መርፌ የእሷ። በዚህ ክፍፍል ይሁን በስንፍና፣ ክር ለመበጠስ ብላ መቀስ ፈልጋ አታውቅም፤ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ትጨርሰዋለች። ከዘመን ብዛት የላይኛው የፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ ክሩ ቀጭን ቦይ ሠርቶ ነበር። አንድ ቀን ባሏ ትንሽ መቀስ በሪባን አስሮ አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ መቀስ እያለ ጥርስሽ ምን በደለሽ?»

«እሺ» አለች።

ሳይመሽ መቀሱ ማሽኑ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተሰቀለ። በማግስቱ አጠለቀላት፤ ሰቀለችው። እንዲህ ሲባባሉ አረጁ። «እሺ አልኩህ እኮ!» ትለዋለች፤ እሺታዋ ግን ከአንገት በላይ እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ጥርሶቿን የጨረሳቸው ክር አልነበረም፤ የድድ ሕመም ነው። አንድ በአንድ ተነቃነቁ፣ አንድ በአንድ ተነቀሉ። የመጨረሻዎቹ የወጡት ባሏን በቀበረችበት ዓመት ነው። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላት። ታዲያ አንድ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ፊት «ወገቡን ላጥብበው?» ስትል ጥርሱ ከአፏ አምልጦ ነጩ ጨርቅ ላይ ዱብ አለ። ሙሽራዋ ጨዋ ናት፤ ያላየች መስላ ወደ መስተዋቱ ዞረች። እትዬ መርፌ ግን ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ደንበኛ ሲያናግራት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ጥያቄ ሲበዛባት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ሥራ ላይ ያለች ትመስላለች። ሰው ሐዘን ነው አለ። ግማሹ ሐዘን ነበር፤ ግማሹ ጥርስ።

ነገሩን የቆረጠችው ልጇ ናት። ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ እናቷ ግን ከኋላዋ «ኢንስፔክተሯ» ነው የምትላት። «እማዬ፣ የቀበርነው አባዬን ነው፤ አንቺን አልቀበርንም» ብላ እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አስረዳቻት። መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎኖች ይተከላሉ፤ በላያቸው ጊዜያዊ ጥርስ ይታሰራል፤ አጥንቱ ብሎኖቹን አቅፎ ሲይዝ ዋናው ጥርስ ይገባል።

«የላይኛው የፊት አጥንትዎ ስስ ነው፣ እማማ» አለቻት። «እዚያ ጋ ያለው ብሎን ከተነቃነቀ ሌላ የምተክልበት ቦታ የለኝም። ወደሚወልቀው ጥርስ ነው የምንመለሰው። ስለዚህ ለስላሳ ነገር ብቻ። በፊት ጥርስ መንከስ የሚባል ነገር የለም።»

ጫማ ሠሪው ወሬውን ሲሰማ መዶሻውን አስቀምጦ ነበር። «ሚስማር በአፍ መያዝ የእኔ ሙያ አልነበር? እርስዎ ብሰው አጥንት ውስጥ አስመቱት! በሉ እንግዲህ፣ ሱቁንም ይረከቡኝ።»

አሁን ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ክር ሊበላሽ ነው።

ቀጠሮዋ ከነገ ወዲያ ነበር። ደውላ ዛሬውኑ መሄድ ትችላለች፤ ግን ካልታየ አልተሰበረም የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ እግሯን ያዘው። ምላሷ ብቻ ሥራ አልፈታም። ይሄዳል፣ ያቺን ቦታ ይነካል፣ ይመለሳል። አንዴ ጥርሱ የተንቀሳቀሰ ይመስላታል፤ አንዴ ደግሞ ምላሷ ራሱ ነገሩን ያጋነነባት ይመስላታል። ጥርሷን ስታጸዳ እዚያ ጋ ብሩሽ ማስነካት ፈርታ ዘለለችው። ማታ ሾርባዋን በማንኪያ ጫፍ በጎን በኩል ስትጠጣ ልጇ አፈጠጠችባት።

«እማዬ፣ ምላስሽ አፍሽ ውስጥ ምን ያዞረዋል?»

«የት ይዙር ታዲያ? ገበያ ልላከው?»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም አልኩሽ።» ደግሞም እውነት ነው፣ አላመማትም። የተተከለ ጥርስ እንደ ድሮው አይናገርም። የድሮው ቢሆን ጮሆ ይነግራት ነበር፤ ይሄ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው፣ እያለች በልቧ ተራገመች።

በቀጠሮው ቀን ልጇ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቀረች፤ እሷ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ሐኪሟ መብራቱን አዞረች፣ ጎንበስ አለች፣ ቆመች። በቀጭን መቆንጠጫ ከፊት ጥርሷ ላይ አንድ ነገር ስባ አወጣች። ሰማያዊ ክር ነው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አፏ ተከፍቶ ስለነበር መዋሸት አልቻለችም። ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጊዜያዊውን ጥርስ ፈትታ አወጣችና ብሎኖቹን በመሣሪያዋ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገቻቸው። እትዬ መርፌ የማሽን ብሎን ሲላላ ከድምፁ ታውቃለች፤ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ጥርት ያለ ድምፅ። ጥርት ያለ ድምፅ። የፊተኛው ጋ ስትደርስ ሐኪሟ መታች፣ ቆየች፣ ደግማ መታች።

«እስቲ ራጅ እናንሳ።»

ራጁ እስኪታይ ድረስ እትዬ መርፌ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ስትገምድ ቆየች። ያ ሰው መቀሱን ሲያጠልቅላት አንድ ቀን እንኳ ከልቧ እሺ ብላው ቢሆን! የሙሽራዋ ነጭ ጨርቅ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ልትኖር ነው።

«አጥንቱ ይዞታል» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ። «ብሎኑ አልተነቃነቀም። የተሰነጠቀው ጊዜያዊው ጥርስ ነው፤ ክሩም ስንጥቁ ውስጥ ነው የተቀረቀረው። ጥርሱን ላስጠግነው፣ ከሰዓት በኋላ አስርልዎታለሁ። ሁለተኛ ግን እንዲህ አይገኝም፣ እማማ።»

አፏን በሻርፕ ሸፍና ወጣች። ልጇ ብድግ አለች።

«ምንድን ነው? ምን አሉሽ? አሳዪኝ።»

ባዶ አፏን ለዚህች ልጅ አሳይታት አታውቅም። ሻርፑን ዝቅ አደረገችው። «ክር በጥርሴ በጥሼ ነው» አለች፤ ቃሉ ድዷ ላይ እየተንሸራተተ። «ብሎኑ ግን ደኅና ነው።»

ልጅቷ የምታስተምረውን ልጅ ልትገሥጽ ይመስል ጣቷን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«አባዬ ይህን ሳያይ!» አለችና ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም ተከተለው። እናትየውም ከሷ ጋር ሳቀች፣ በባዶ ድዷ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሙሽራዋ ፊት ከዘጋችው ወዲህ አፏ እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

«ጥርስ ባዳ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«የአንቺ ደግሞ ጥገና ላይ ነው» አለች ልጇ።

በማግስቱ ሱቋን ከፍታ ከምስማሩ ላይ መቀሱን አወረደች። ሪባኑ ደብዝዟል። አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ከዚያ ሥራ ያዘች። ክሩ ማለቂያው ላይ ሲደርስ አንገቷ በልማዱ ጎንበስ አለ፤ መቀሱ ተወዛውዞ አገጯን ነካት።

«እሺ አልኩህ እኮ!» አለች ጮክ ብላ።

«እኔ ምን አልኩ፣ እትዬ?» አለ ጫማ ሠሪው ከኮምፔንሳቶው ወዲያ።

«አንተን አይደለም» አለችና ክሩን በመቀሱ ቆረጠችው።