የሚስተር ዳግ ተክል ቢጫ ሲሆን

ከሐዋሳ የወጣሁ ዕለት ማታ ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። ኳየሩ ዘመረልኝ፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፣ እናቴ ደግሞ ጓዳ ጠርታ፣ "የሰው አገር ነው፤ ቤት ካከራየሽ ሰው ጋር እንዳትጣዪ፣ የሚልሽን አድርጊ" አለችኝ። ታክሲው ክላክስ ይነፋ ስለነበር ሌላ ምክር አልጨመረችም። እኔም እሺ አልኩ። ያ እሺታ ለካ የጋንጃ አስታማሚ ሊያደርገኝ ኖሯል።

ቶሮንቶ የመጣሁት በትምህርት ቪዛ ነው። ትምህርቱን ስጨርስ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ ያዝኩና ዌስተን የሚባል ሰፈር ቤዝመንት ተከራየሁ። ቤዝመንት ማለት፣ አገር ቤት ያላችሁ እንድታውቁት፣ ከመሬት በታች ያለ ቤት ነው። መስኮቴ ጣሪያው ሥር የተሰነቀረች ጠባብ ነገር ስለሆነች የማየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ሐዋሳ ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በፊታቸው ነበር፤ እዚህ በጫማቸው ሆነ። አከራዬ ሚስተር ዳግ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ላይኛው ቤት ብቻውን ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ግን ወርዶ ያንኳኳና፣ ቤት የተቃጠለ ይመስል፣ ሁሉ ነገር ኦኬ መሆኑን ይጠይቀኛል። የእሱ ተክል ሽታ በደረጃው ወርዶ ትራሴ ውስጥ ሲገባ እኔ የማንን በር ላንኳኳ?

ተክሉ ካናቢስ ነው፣ ያው ጋንጃ። እዚህ ሕጋዊ ነው፤ ሰው በቤቱ ጥቂት እግር ማብቀል ይችላል። እኔ ደግሞ በሻሸመኔ ባለፍን ቁጥር እናቴ የአውቶቡሱን መስኮት እያስዘጋች ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ።

በዊንተሩ መሐል ቫንኩቨር ያለች ልጁ ወለደችና ሚስተር ዳግ ሊያርሳት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ወደ ላይ ጠርቶ ተክሉን አሳየኝ። የራሱ መብራት አለው፣ የራሱ ማራገቢያ አለው፣ ክፍሉ ከእኔ ቤት ይሞቃል። ውሃ ብቻ ስጪልኝ አለኝ። ቀጠለና የእህቱ ልጅ ቤዝመንቱን እንደምትፈልገው፣ እኔ ግን ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ገና እንዳልወሰነ ነገረኝ። ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር ሰው አያስፈራራም፤ ፈገግ ብሎ ያሳውቃችኋል።

ስለዚህ ፈርቼ በየቀኑ አጠጣሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። የጠማው መስሎኝ ጨመርኩ። ቢጫው ወደ ላይ ወጣ፣ ተክሉም አንገቱን ደፋ። እንቅልፍ አጣሁ። የአትክልት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሄጄ ፎቶውን ባሳየው ጢማሙ ሻጭ ከልቡ አዘነ። "እሷ" እያለ መብራቷን፣ ሙቀቷን፣ በቅርቡ ድንጋጤ ደርሶባት እንደሆነ ሁሉ ጠየቀኝ። እኔ ሆዴን ታምሜ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ዋክ ኢን ክሊኒክ የሄድኩ ቀን እኮ ግማሽ ቀን ካስቀመጡኝ በኋላ ዶክተሩ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የሸኘኝ። ሻጩ ናይትሮጅን አንሷት ነው ብሎ ማዳበሪያ ሸጠልኝ። ሰጠሁት። የቅጠሎቹ ጫፍ ደግሞ እንደተጠበሰ ነገር ቡናማ ሆነ።

ሲጨንቀኝ ለጋሽ ታደለ ኮል አደረግኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት ግብርና ቢሮ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበሩ፣ እዚህ የሕንፃ ጥበቃ ናቸው። "ከጥበቃ ወደ ጥበቃ ተዛወርኩ" ይላሉ። የአከራዬ አበባ ታመመብኝ አልኳቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስቴር ጋር መጡ። እንዳይለዩት እየጸለይኩ በሩን ከፈትኩ። ከበሩ ላይ ለዩት።

እትዬ አስቴር ምን ዓይነት አበባ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ታደለ እኔን አዩ፣ ተክሉን አዩ።

"ገመድ የሚሠራበት ተክል ነው" አሉ። አልዋሹም፤ ይሠራበታል።

"ሽታውስ?"

"ሥሩ እየበሰበሰ ነው።"

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ቢጫው ከየት እንደጀመረ ጠየቁኝ፣ ከታች አልኳቸው። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው አሸተቱት። ተክሉን ሚስተር ዳግ ለውበት ብሎ ካስቀመጠበት ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ውስጥ ሲያወጡት ታች የተጠራቀመው ውሃ እንደ ረግረግ ሸተተ።

"ምንም አልጎደለውም። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አንቺ በውሃ አፍነሽዋል። ማዳበሪያውማ ለታመመ ሰው ክትፎ ማጉረስ ነው።"

አፈሩ እስኪደርቅ እንዳልነካው፣ ጣቴን ከትቼ እርጥበት ካገኘሁ ጠብታ እንዳልጨምር፣ ማዳበሪያውን እንድተወው አዘዙኝ። ቢጫ የሆነው አይመለስም፣ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ጠብቂ አሉ። እትዬ አስቴር ወደ መኪናው ሲቀድሙ ጋሽ ታደለ በር ላይ ቆም አሉ።

"ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሼ። ቤቱን እንዳላጣ ብዬ ነው።"

እጃቸው ላይ የቀረውን አፈር አዩት። "ቅጠል ይዤ ምን ነካው ካልኩ ስንት ዓመቴ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል።"

ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየደወሉ በሽተኛው እንዴት ነው ይሉኛል። ስለ እኔ ጤና ጠይቀው አያውቁም። ቢጫዎቹ ረገፉ፣ ከላይ አረንጓዴ ቅጠል ወጣ፣ ሁለታችንም ልጅ የተወለደልን ያህል ተደሰትን።

ሚስተር ዳግ ሲመለስ ተክሉን ዞሮ ዞሮ አየና አቀፈኝ። ተሰጥዖ አለሽ አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ የእህቱ ልጅ እንደምትመጣ፣ ሕጉ የሚፈቅድልኝን ጊዜ ሁሉ ግን መውሰድ እንደምችል አሳወቀኝ። እሷንም እንዲያስተምራት ምስጢሩን ንገሪኝ አለ። "በየቀኑ ብዙ ውሃ" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጋሽ ታደለ በእሑድ ልብሳቸው መንበርከካቸው ትዝ አለኝና እውነቱን ነገርኩት።

ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ሙቭ አደረግኩ፤ ክፍሉን ከሌላ ሴት ጋር እጋራለሁ። ለእናቴ ደውዬ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ሐይቅ ያሳያል አልኳት።

"እንደኛው ነው?"

"ይሰፋል እማዬ። ማዶው አይታይም።"

ዓሣውን ዳር ላይ ጠብሰው ይሸጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሲሸጡ አላየሁም አልኳት።

"ማዶው የማይታይ ሐይቅ ፊት ተቀምጠሽ ምን ታያለሽ ታዲያ?"

እለምደዋለሁ አልኳት። ጸልዬልሻለሁ አለችና ዘጋች፤ እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ቆየሁ።