ሱሀይር ዝም ያለችበት ጨዋታ

ሱሀይርን ሸማ ተራ ውስጥ የማያውቃት የለም። ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ ግን ስሟ ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለ ኳስ ፍቅሯ ነው። ቡድኗ ትልልቆቹ ክለቦች አይደሉም፤ ከአብነት ሰፈር አለፍ ብሎ ያለ የአንድ የሙያ ኮሌጅ የተማሪዎች ቡድን ነው። ባሏ ጃፋር በወጣትነቱ የዚያ ቡድን አጥቂ ነበር፤ እሷም ሜዳ መሄድ የጀመረችው እጮኛዋን ልታይ ነው። ጃፋር ጉልበቱን ተጎድቶ ኳስ ሲያቆም ሜዳውንም እርግፍ አድርጎ ተወው። እሷ ግን እዚያው ቀረች።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቡድኑ የሚያሳዝን ሆኗል። ጎበዝ ጎበዞቹ ተመርቀው ሄዱ፣ ተተኪ ያሰበ አልነበረም፣ ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደረበ። ዘንድሮ የመጣው አሰልጣኝ ሀብተ ወልድ ነባሮቹን ትቶ የአንደኛ ዓመት ልጆችን አሰለፈ። ቡድኑን እንደ አዲስ ነው የምሠራው፣ ታገሱኝ አለ። ኮሌጁ ግን የሚታገስ አይመስልም። ቡድኑ ወደ ታችኛው ምድብ ከወረደ ይፈርሳል የሚል ወሬ ተነዝቶ ሸማ ተራ ድረስ መጣ።

ሱሀይር ይህን ከሰማች ወዲህ ምግብ አልበላ አላት። በተለይ የሚያስጨንቃት በረኛው ፉርቃን ነው። ፉርቃን ከወሎ ለትምህርት የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ እጁ ኳስ ይይዛል፣ ከጎሉ ለመውጣት ግን ያመነታል። ስለዚህ በየጨዋታው ከጎሉ ጀርባ አጥሩን ተደግፋ ውጣ፣ ተመለስ፣ ግራህን እይ እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮህ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሀብተ ወልድ ሱቋ ድረስ መጣ። ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ መስሏት ዱካ አቀረበችለት። አልተቀመጠም። የአንዱን ነጠላ ጥለት ሲዳብስ ቆየና፣

"እትዬ ሱሀይር፣ እንዳይቀየሙኝ" አላት። "ልጆቹ ገና ናቸው። ፉርቃን ደግሞ እርስዎ በጮሁ ቁጥር ወደ እርስዎ ይዞራል። ቅዳሜ ባይመጡልን ደስ ይለኛል።"

እሺ ብላ ሸኘችው። ከሄደ በኋላ ግን እልህ ያዛት። ያን ሁሉ ዓመት በፀሐይም በዝናብም ደግፌ፣ ዛሬ የመጣ ሰው ያባርረኛል አለች በሆዷ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ባለፈው የገባው ጎል ትዝ አላት፤ ኳሱ ሲመታ ልጁ በእርግጥም ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ያኔ ከንዴቱ ይልቅ ፍርሃቱ ባሰባት።

ቅዳሜ ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች። ቡድኑ ላለመውረድ አቻ ይበቃው ነበር። ነጠላ ለጠየቀ ጋቢ ታወጣለች፣ ዋጋ ጠይቀው መልስ ሳያገኙ የሄዱም አሉ። የጎን ባለ ሱቋ ሪሐና አይታ አይታ ሱቁን እኔ እጠብቅልሻለሁ፣ ሂጂ አለቻት። ታክሲው ዕቃ በሚያራግፉ መኪኖች መሀል ሲቆምባት ወርዳ በእግሯ ሮጠች።

ከለመደችው ቦታ አልቆመችም። ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ ከተጋጣሚ ደጋፊዎች መሀል ገባች። እነሱ ፉርቃንን ወንፊት እያሉ ይዘፍኑበታል፤ እሷ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ትሰማለች። ከእረፍት በፊት ጎል ገባበትና ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ዘለለ። ከእረፍት መልስ አጭሩ አማካይ ጠይብ በቴስታ አቻ ሲያደርግ እሷ ብቻ መዝለል ፈለገች፤ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቻለችው።

መጨረሻ ላይ ኮርነር ተመታ። ኳሱ ፉርቃን ሁልጊዜ የሚያመነታበት ቦታ ላይ መጣ። ሱሀይር አፏን በእጇ ያዘች። ልጁ አንድ እርምጃ ወጣ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ተወርውሮ በቡጢ መታውና ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። አልተነሳም። ሰው ከበበው። ምን ሆነ ብላ የምትጠይቀው እንኳን አልነበራትም። ኋላ ትከሻውን እያሻሸ ሲነሳ እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጨዋታው አቻ ማለቁን የሰማችው ተቀምጣ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ፉርቃን አያትና በሩጫ መጣ።

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?"

"እኔ ምን ሆኜ? አንተ ነህ እንጂ የወደቅከው።"

"ድምፅዎ ጠፋብኝ። ታመው ይሆን ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። ጎሉም የገባብኝ አጥሩ ጋ እርስዎን ስፈልግ ነው።"

ሱሀይር ቀና ብላ ከልጁ ኋላ የቆመውን አሰልጣኝ አየችው። ሀብተ ወልድ አንገቱን አከከ። ለከርሞ ይምጡ፣ ግን ቀስ ብለው ይጩሁ አላት። ቡድኑ አይፈርስም ማለት ነው ብላ ጠየቀችው። በውጤቱ አይፈርስም፣ የኮሌጁን ሐሳብ ግን ገና አላውቅም አለ።

ሰኞ ዕለት አንድ ደንበኛ ጠይብን ሌላ ቡድን እየጠየቀው ነው የሚል ወሬ ይዞላት መጣ። ሱሀይር እያጠፈች የነበረውን ጋቢ ለሪሐና አቀበለችና ስልኳን አንስታ ጠይብን እንዳይለቀው ልትነግረው ለአሰልጣኙ ደወለች።