ከድምፄ ሥር ያለው ሽሽታ

«ድምፅሽ ራሱ ሻካራ ነው፤ ማይኩ ምን ያድርግ?»

ጋሽ ዘውዱ ይህን ፊት ለፊቴ ያለኝ አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩ ዓመት ነው። ትናንት ቻርጀር ልገዛ ሸዋሮቢት ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ገብቼ ያንኑ ቃል ለአንዲት ልጅ ሲደግመው ሰማሁና ቆሽቴ አረረ።

ያን ጊዜ ቤቴ ሆኜ ዘፈን መቅዳት አምሮኛል። ማጀቴ ከተማ አጠገብ፣ የአክስቴ ማሳ ላይ ወገቤ እስኪቆረጥ ማሾ ለቅሜ ባገኘኋት ብር ነው ሱቁ የሄድኩት። ሰውየው ሁለት ማይክ አወጣ። አንዱ የሠርግ ዘፋኞች አፋቸው ላይ ለጥፈው የሚይዙት፣ ሌላው ትልቅ፣ በመቆሚያ የሚቆም፣ የሚያብረቀርቅ።

«የእጁ ለሠርግ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ይሄ ትልቁ ነው፤ የትንኝ እስትንፋስ አያመልጠውም» አለኝ።

የትንኝ እስትንፋስ ምን ያደርግልኛል ብዬ አልጠየቅኩም።

ትልቁን ገዝቼ ቤት ወስጄ ስቀዳ ከድምፄ ሥር ሽሽሽ የሚል ነገር ይሰማል። የወንድሜን ላፕቶፕ ተሸክሜ ሄጄ አሰማሁት። ሻካራ ያለኝ ያኔ ነው። እናቴም «እኔስ ምን አልኩሽ?» አለች። ማይኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት፤ ለሠርግ እንኳ አፌን ሳልከፍት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ በላፕቶፑ ባትሪ፣ እንዲያው ለንዴቴ ዘፈንኩ። ሳዳምጠው ሽሽታው የለም። ለካስ ቀን ሙሉ የሚሽከረከረው ቬንትሌተራችን ነው! በሮቢት ሙቀት ቬንትሌተር ማን ያጠፋል? እንግዳ ሲመጣ ወደሱ እናዞርለታለን እንጂ ድምፅ አለው ብሎ የሚያስብ የለም።

ትናንት ልጅቷ ያንኑ ዓይነት ትልቅ ማይክ ሞክራ፣ ማዳመጫውን እንዳደረገች ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጋሽ ዘውዱ «ድምፅ የሚያጠራ ሌላ ዕቃ ትጨምሪበታለሽ» ይላታል፤ አናቱ ላይ ቬንትሌተር ይሽከረከራል።

«ጋሼ፣ ይቺም ሻካራ ሆነችብዎ?» አልኩት።

«ዞር በይ፣ ገበያዬን አትበጥብጪ!»

ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጫንኩት። ቬንትሌተሩ ፍጥነቱ እየቀነሰ ቆመ።

«አሁን ዝፈኚ» አልኳት።

ዘፈነች። የተቀዳውን ስታዳምጥ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች። «ውይ! ሽሽታው የታለ?»

«ቤትሽ ሙቀቱን ችለሽ ቬንትሌተሩን የምታጠፊ ከሆነ ይሄን ትልቁን ውሰጂ። ካልሆነ የሠርጉን፤ እሱ ከአፍሽ የሚወጣውን እንጂ የሩቁን አይለቅምም።»

«መልሰሽ ክፈቺው፣ ባለጌ! ውጪልኝ ከሱቄ!» ጮኸ ጋሽ ዘውዱ።

ልገዛ ያነሳሁትን ቻርጀር ባንኮኒው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።