ለበሬ ለቅሶ ያስቀመጠችን ቲቸር

ምነው ውሸት በሆነ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ለደወለልኝ ሰው መልሼ ደወልኩለት፤ «የትኛዋ አልማዝ?» ብዬ። ሶዶ ውስጥ አልማዝ የምትባል ስንት አለች! «ያንተዋ፣ ቲቸር አልማዝ» አለኝ። ሱቄ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለማታውቋት፣ ቲቸር አልማዝ እዚሁ ሶዶ የአማርኛ አስተማሪ ነበረች። ለልጆችም ትጽፍ ነበር። «ከዳሞታ በር ወዲያ» የሚለውን ታሪኳን ልጆቻችሁ ሳያነቡት አይቀሩም፤ ክፍል በክፍል እየተባዛ የወጣው ከኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ጌም ቤት አለኝ። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ልታስወጣ እየጮኸች ገባች። እኔም አፍ አለኝ፣ መለስኩላት። መሐል ላይ ጠቡን ትታ ስክሪኑን ማየት ጀመረች። «እስቲ ይሄን ነገር ስጡኝ» ብላ ጆይስቲኩን ተቀበለች። ወዲያው ሞተች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ችግር የለም ቲቸር፣ እንደገና ይነሳል» አሏት።

ብዙም ሳትቆይ የታሪኩን የመጀመሪያ ክፍል ይዛ መጣች። ልክ እንደ ጌም ነው። ሁለት እህትማማቾች ዳሞታ ተራራ ሥር ባለ በር ይገባሉ፣ በየሌቭሉ ጠባቂ አለ። አንዱ ሌቭል ተበላ የሚባለው የኛው ቆላ ነው፣ መሬቱ ሲረግጡት ያቃጥላል። ሌላው በዴሳ ገበያ ነው፣ የተሸጠ ከብት ሁሉ የሸጠውን ሰው ስም እየጠራ ይከተላል። ከእህትማማቾቹ ጋር ቦራ የሚባል በሬ አለ። ያወራል፣ ይነጫነጫል፣ ጭቃ ይጸየፋል። ልጆቹ ለጉድ ወደዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሙን አጥፍተው እሷ ስታነብ ይሰሙ ነበር። ገበያዬ ቀዘቀዘ፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገራት!

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቦራ ሞተ። በሩ ሊዘጋ ሲል በቀንዱ ደግፎ እህትማማቾቹን አሳለፈና እሱ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ልጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሱቄ በር ላይ ሸራ አንጥፈው ለቅሶ ተቀመጡ። ነጠላ ያዘቀዘቀችም ነበረች። ሰፈሩ ደግሞ ለቅሶ አይቶ አያልፍም። አንዷ ጎረቤቴ የበቆሎ ንፍሮ ይዛ ከች አለች። አንድ ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡና ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ «ከድር ልጄ፣ ማን ነው ያረፈው?»

«በሬ ነው አባባ።»

«የማን በሬ?»

ምን ልበል? «የቲቸር አልማዝ» አልኳቸው።

«አይ፣ በሬ ማጣት ከባድ ነው» ብለው ተደላድለው ተቀመጡ።

ቲቸር ስትመጣ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ሸራው ላይ አብራቸው ተቀመጠች። ልጆቹ «በጌም እኮ ይነሳል፣ አንሺው!» እያሉ ለመኗት። እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። «ኧረ አንሺው፣ ብዕሩ ያንቺ፣ ምን ይጎዳሻል?» አልኳት።

ከልጆቹ መሐል ቤዛ የምትባል ነበረች። እናቷ ከሞተች ቆይቷል። ለቤዛ የተነገራት ግን «አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች» ተብሎ ነው። መቼም እኛ ዘንድ ለልጅ መርዶ አይነገርም፣ አይችለውም ይባላል። ቤዛ ግን ታውቅ ነበር። ያን ቀን ቲቸር ጉያ ገብታ በቦራ ጀመረች፣ ከዚያ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች አለቀሰች። ሥራ ይዛለች ያለቻት አክስቷ ቆማ ትሰማ ነበር። መጥታ አቀፈቻት። ከዚያ በኋላ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

ቲቸር ቦራን አላስነሳችውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ለልጅ አይዋሽም ከድሬ» አለችኝ። ይህችን ቃል ትወዳት ነበር። በጊዜ ልዘጋ ፈልጌ ልጆቹን «መብራት ሊጠፋ ነው» ስላቸው እንኳን ከበር ላይ ሆና «ለልጅ አይዋሽም!» ትለኝ ነበር።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወላጆች እየደወሉ «ለልጆቹ እንዳትነግራቸው፣ ለሕክምና ሄዳለች በላቸው» ይሉኛል። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጆቹ መጥተው «ቲቸር የታለች?» አሉኝ። ከነገርኳቸው ወላጆቹ ይጣሉኛል። ካልነገርኳቸው ደግሞ ሳይሰናበቷት ልትቀበር ነው።

አልሚ፣ ነገርኳቸው። አረፈች፣ ሄደች ሳልል፣ «ሞታለች» አልኳቸው። አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ትንሹ «እንደገና ትነሳለች?» አለኝ። «እዚህ አይደለም» አልኩት። በናንተም በኛም ሃይማኖት መልሱ ይኸው መሰለኝ።

ነገ ቀብርሽ ላይ ይዣቸው እመጣለሁ። «ልጆች ወደ ኋላ» የሚል ሰው ካለ ከኔ ጋር ይነጋገራል። በይ ደህና ሁኚ እህቴ። ልጆችሽ ከፊት ይቆማሉ።