ከእፎይታ በኋላ የሚመጣው

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ልጄ ሶፋው ላይ ትራስ አቅፋ አስፈሪ ፊልም ስታይ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማንጎ እልጥ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት እየተንቀጠቀጠች የቁም ሳጥኑን በር ከፈተችው፤ ውስጡ ልብስ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ እፎይ አለች፣ ልጄም እፎይ አለች፣ እኔ ግን ቢላዬን አስቀምጬ ተነስቼ ወጣሁ። «እማዬ ደግሞ! የሚያስፈራው ገና አልመጣም እኮ» ብላ ከኋላዬ ሳቀችብኝ። የሚያስፈራው እሱ ነው ብዬ ላስረዳት አልሞከርኩም፤ ባታውቀው ይሻላታል።

እኔ ፍርሃትን የተማርኩት እዚሁ አሶሳ፣ ሐሚድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ሐሚድ የጓደኛዬ የአዚዛ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ። የቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ ስለነበር በየቀዳዳው የሚገባውን የቀትር ፀሐይ በብርድ ልብስና በማዳበሪያ ጆንያ ይደፍነዋል፤ እናም ውጭው በሙቀት ሲነድ እኛ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ተቀምጠን፣ ላባችን በጀርባችን እየወረደ፣ የጄኔሬተሩን ጭስ ከማንጎ ሽታ ጋር እየማግን፣ የማናውቀው አገር ጭራቅ እስኪመጣልን እንጠብቃለን። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሂሳብ መምህር ነው። ቪዲዮ ቤት የሚውል ልጅ ማባዛት አይገባውም ብሎ ስለሚያምን፣ እኔ የምሄደው «ከአዚዛ ጋር ላጠና» እያልኩ ነበር። ማባዛቱ ግን አልጠፋብኝም።

ሐሚድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን ይተረጉምልናል። ይተረጉማል ስል እንግሊዝኛ ያውቃል ማለቴ አይደለም፤ ከልቡ ይፈጥራል። የአፍ መፍቻው በርታ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ስለለቀመው ለእሱ ሴቱም ወንዱም «መጣ» ነው። «ሴትዮው ተናደደ! ቢላ ያዘ! ያ አላህ!» ሲል እንስቃለን፤ ሳቃችን ግን ብዙ አይቆይም። ጭራቁ ብቅ ሊል ትንሽ ሲቀረው ሐሚድ ወደ እኛ ዞሮ፣ እጁን እንደ ሽማግሌ ዘርግቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ «በቃ፣ ተንፍሱ፣ አለቀ» ይለናል። እኛም እንተነፍሳለን። ሁልጊዜ እንደሚያታልለን እያወቅን፣ ደረታችንን ቀለል እንዳለው ጭራቁ ይወጣል፤ ከዚያ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ»፣ ክርስቲያኑ «በስመ አብ» እያለ ከነአግዳሚ ወንበራችን እንገለበጣለን። አንድ ቀን አዚዛ ምነው እንዲህ ታደርገናለህ ብትለው፣ «የፈራ ሰው ልቡን ጥብቅ አድርጎ ይዟል፤ እንዴት አስፈራዋለሁ? መጀመሪያ ይልቀቅ» አላት። አስፈሪ ነገርን ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ። ሐሚድ ሌላ የሚገዛበትን ሊያገኝ፣ ዝናቡ እንዳባራ ወርቅ ቁፋሮ ወደ መንጌ ሄደ። እኛም የእሱን መመለስ እንደ በዓል እየጠበቅን፣ ባዶው ቤት በር ላይ ገበጣ እየተጫወትን ከረምን።

አንድ ረፋድ ላይ መንጌ ጉድጓድ ተንዶ ሰው ቀበረ የሚል ወሬ መጣ። ማን ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የአዚዛ እናት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች። የሐሚድን ቤት ስም መስማት የማይወደው አባቴ ክፍሉን በትኖ፣ ከገበያ የሚመለስ አይሱዙ ለምኖ አሳፈረን፤ እሱም አብሮን ወጣ። መንገዱን ሙሉ አዚዛ እጄን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አላመመኝም።

እዚያ ቆፋሪዎች ጫማ አድርገው አይወርዱም። መውረጃው ግድግዳው ላይ የተፈለፈለ መርገጫ ስለሆነ በእግር ጣት መቆንጠጥ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ጫማውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አውልቆ ይገባል። ስለዚህ መሬቱ ሲናድ ማን እንደተቀበረ የሚነበበው ከጫማው ነው። እኛ ስንደርስ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ጫማዎቹ ግን ማንም ሳይነካቸው በተርታ ተቀምጠዋል። አዚዛ አላይም ብላ ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀበረች። እናቷ ጎንበስ ብላ ከጫፍ ጀምራ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። የሐሚድ ኮንጎ ጫማ ተረከዙ ላይ በሽቦ የተሰፋ ስለሆነ ከሺህ መሃል ይለያል። ያን ተርታ እስክትጨርስ የጠበቅነውን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ጠብቄ አላውቅም።

«የለም!» ብላ ቀና አለች። «የሐሚድ ጫማ የለም! ልጄ አልገባም! አልሐምዱሊላህ!»

አዚዛ ዘለለች፤ እኔም ዘለልኩ። ለቅሶ ላይ እንኳ ፊቱ የማይፈታው አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። አጠገባችን አንዲት ሴት ከተርታው ጥንድ ጫማ አንስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እያየናት አላየናትም።

መጀመሪያ የወጣው ሰው በጆንያ ተይዞ ነበር የወጣው። ጭቃው ፊቱን ስለሸፈነው ማንም አላወቀውም። ግን ጫማ አድርጓል፤ ተረከዙም በሽቦ ተሰፍቷል።

ሐሚድ ተራው አልነበረም። ውጭ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር አሉን፣ ሲቆፍሩ ቀና ብለው ያላዩን ጓደኞቹ። አፈሩ ሲንሸራተት፣ ሰዎቹ ከውስጥ ሲጮሁ፣ ብርጭቆውን ጥሎ እንደቆመ ገባ፤ ጫማ ማውለቅ ማን ትዝ ይለዋል? አንዱን ገፍቶ አውጥቷል። ሁለተኛው ናዳ እሱን ያዘው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኛ ላይ የደረሰው ግን መፍራት ካቆምን በኋላ ነው። እናቱ አልጮኸችም፤ ጭቃውን ከፊቱ በነጠላዋ ጠረገችና ያንኑ ቃል፣ አልሐምዱሊላህ፣ በቀስታ ደገመችው። በሐዘንም እንደሚባል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ሰምቼ ከማውቀው ድምፅ ሁሉ እሱን እፈራዋለሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ያኔውኑ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ አሁን የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ፊልሞቹ አይናፍቁኝም። የሚናፍቀኝ «ደህና ነው» ሲሉኝ ወዲያው ደስ የሚለው ልቤ ነው። እሱን መንጌ ትቼው መጣሁ፤ አዚዛም እንደዚያው። ይህችን ልጄን በወለድኩ ቀን አዋላጇ «ጤነኛ ናት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል ዘመዶቼ ክፍሉን በእልልታ ሞሉት። አዚዛ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ልጅቷ መሃላችን እያለቀሰች፣ ቀድማ እልል የምትል ከሁለታችን ጠፋች።