ለታታይ ፌሊሞን የሚነበብ ፊልም

አናሊን ችኮ ናት። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ እናቷ ራሷ «የእርሻ ጎሽ ሆና ብትወለድ ማንም እርሻ ላይ ሊጠምዳት አይችልም ነበር» ትላለች።

አባቷ ታታይ ፌሊሞን፣ «አባባ» እንደማለት ነው፣ በወጣትነታቸው በድማሚት ዓሣ ሲያጠምዱ ጆሯቸው ጭልጥ ብሎ ደነቆረ። ኮሌጅ የመመረቂያ ፊልም ሥሩ ሲባል አናሊን የመረጠችው እሳቸውን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ካሜራ ፊት እየቀረበ ስለ እሳቸው አወራ። ታታይ አጠገቡ ተቀምጠው አፍ አፉን ሲያዩ ቆዩና፣ «እኔስ ምን እንዳላችሁኝ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ሳቅ ብለው ነው ያሉት። ንግግሩ ሁሉ ከሥዕሉ ሥር ተጽፎ እንደሚያነቡት አናሊን በምልክት ቋንቋ ቃል ገባችላቸው።

ችግሩ ማቀናበሪያው ነው። ኮምፒውተሩ የጓደኛዋ የጄሪክ ነው፤ የጄሪክ ልብ ደግሞ አንድ ከባድ ሶፍትዌር ላይ ወድቋል። ፊልሙ ውስጥ ባሕሩን በድማሚት ሲያፈነዳው እውነት ይመስላል።

«የአባትሽ ጆሮ እንዴት እንደጠፋ ሕዝቡ ይየው! ሰው ከወንበሩ ነው የሚወድቀው!»

«እናያለን» አለች አናሊን።

በእኛ ጠረፍ ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ነው፤ ሁላችንም በ«እናያለን» ነው የምንሸሸው። ጄሪክ ግን የፈለገውን ሰማና ሳምንቱን ሙሉ ባሕሩን ሲያፈነዳ ከረመ። ጽሑፉን መጨመር ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አስነሱት፤ ትንሽ ጻፉ፤ አሁንም ቀጥ። ማስረከቢያው ደግሞ ሰኞ ነው።

«በቃ ጽሑፉ ይቅር» አለ ጄሪክ። «ሰው ሁሉ ይሰማል እኮ! ለአንድ ሰው ብለን? አንቺ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ በእጅሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«በጨለማ?»

ጄሪክ ጽሑፉን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ።

«አይሆንም» አለች አናሊን። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ አልመለሰችውም ግን። «ቀላሉን ሶፍትዌር እንጭናለን። አያፈነዳም፣ አያብረቀርቅም፤ ጽሑፍ ግን ይችላል።»

«የሳምንት ልፋቴስ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጊዜ መናገር ነበረብኝ። አይሆንም ግን አይሆንም ነው።»

«አንቺ ልጅ ልታሳብጂኝ ነው!» አለና አኮረፈ። ኋላ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ እያዳመጠች ትጽፋለች፣ እሱ ከተናጋሪው አፍ ጋር ያገጣጥማል። ታታይ ትምህርት ብዙ ስላልገፉ እያንዳንዱን መስመር ረዘም አድርገው አቆዩት።

ፊልሙ በሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ በተወጠረ አንሶላ ላይ ለጎረቤቱ ታየ። ፍንዳታ የለ፣ ምን የለ፤ አንዳንዱ ያዛጋ ጀመር። ከዚያ ማኖንግ፣ ማለትም ጋሼ፣ ሲሶ ብቅ አሉ፤ ከታታይ ጋር ካርታ ሲጫወቱ ሲሰዳደቡ የሚውሉት የጀልባ ጓደኛቸው።

«ፌሊሞን ስለማይሰማኝ ነው የምናገረው» አሉ አንሶላው ላይ። «ስሰምጥ ያወጣኝ እሱ ነው። አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም፤ አፌ ለስድብ እንጂ ለዚህ አይፈታም። እወደዋለሁ። እንዳትነግሩት!»

ታታይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ብድግ አሉ። ድምፃቸውን መመጠን ስለማይችሉ ሜዳው አስተጋባ፦

«ሲሶ! አንተ ቀጣፊ! ነገሩኝ!»

ማኖንግ ሲሶ መግቢያ ቢያጡ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ታታይ ወንበሩን እየገፉ ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር።