ጋሼ ፒስተን ኮምፒውተር ሊያስተምር መጣ

የእህቴ ባል መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ፒስተን» ይለዋል፣ እኔ ታናሽ ስለሆንኩ «ጋሼ ፒስተን»። ከመስኮት ሆኖ የሚያልፍ መኪና ሰምቶ «ይሄ ቀበቶው ላልቷል» የሚል ሰው ነው። ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል። ደፍሮ የሚነግረው ግን የለም፤ መልሱን ሰምቶ ሳይጨርስ ይመሻላ!

ይህ ሰው ካለፈው ክረምት ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይደበድብና «ሲሚንቶው ተበልቶበታል» ይላል። ትንፋሹ እስኪመለስ መሆኑ ጠፍቶን ነው እንግዲህ! እህቴ ታከም ብላ ስታለቅስ «እኔን ነው? ብረት ነኝ!» ይላታል። እኔም ነርስ ሆኜ የገዛ ዘመዴን ማሳከም አቅቶኝ ቆሽቴ አርሯል።

በምሠራበት ጤና ጣቢያ የልብ ድምፅ የሚሰማ ኮምፒውተር አለ። ከሆስፒታል እየመጣች የምታግዘን የልብ ሐኪም «ይሄ ጤነኛ፣ ይሄ በሽተኛ» እያለች ብዙ ሺህ ድምፅ አሰምታዋለች፤ አሁን አዲስ ሲሰማ ራሱ ይለያል። አሠራሩን «ጥልቅ ትምህርት» ይሉታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ኮምፒውተራችን በሽተኛ ብቻ እየሰማ ተበላሸ፤ ጤነኛ ልብ የሚያስተምረው ሰው ጠፋ» ብዬ ዋሸሁ።

ጋሼ ፒስተን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጥልቅ ትምህርት? ስንተኛ ክፍል ደርሷል?»

«ገና ነው።»

«በይ ነገ እመጣለሁ። የኔን ከሰማ ሌላ መምህር አያሻውም።»

መጣ፤ ያውም ከረባት አስሮ! ሸሚዝህን አውልቅ ስለው ሸሚዙን አወለቀና ከረባቱን መልሶ አሰረው። ጉድ እኮ ነው፤ ራቁት ደረት ከነከረባቱ የምርመራ አልጋው ላይ ተጋደመ። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ሳስጠጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ «እንደምን አደርክ፣ በደንብ አዳምጥ» አለው። ስክሪኑ ላይ «ጫጫታ አለ፤ እንደገና ይቅዱ» የሚል መጣ።

«ተማሪው ደንቆሮ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ በፈጠረህ ዝም በል!»

«መምህር ዝም ብሎ ምን ያስተምራል?»

በመጨረሻ አፉን በመዳፌ ከድኜ ቀዳሁ።

ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ «የልብ ቫልቭ ችግር ይጠረጠራል፤ ሐኪም ይየው።» አሁን ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ልክ ነው» አለ። «ቫልቩ ያፈሳል። እኔም ሰምቼዋለሁ።»

«በምን ሰማህ?»

«በጎማ ቱቦ። አንዱን ጫፍ ደረቴ ላይ፣ አንዱን ጆሮዬ ላይ። ሞተርም እንደዚያ ነው የምንሰማው። ሽሽሽ ይላል።»

«መቼ?»

«ክረምት ላይ።»

«እና ምን አደረግህ?»

«በአንደኛ ማርሽ መሄድ ጀመርኩ። ዘይትም ቀየርኩ።»

«የምን ዘይት?»

«የወጥ።»

በማዳመጫው ልለው ምንም አልቀረኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እህቴ በእንባ ስታልቅ አንተ ዘይት ትቀይራለህ? ለምን አትናገርም?»

ከረባቱን ጣቱ ላይ ጠመጠመው። «የተከፈተ ሞተር ሁሉ ተመልሶ አይነሳም። እኔው ጋራዥ ስንቱ ቀርቷል። ይህን ለሷ በየት አፌ ልንገራት?»

ንዴቴ በነነ። የልብ ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ አረጋገጠች፤ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል፣ በጊዜ ስለተደረሰበት ግን ደህና ተስፋ አለው አለች። እሱ «ሚስቴን ልጠይቅ» ብሎ ተነሳ።

ቤት አደረስኩት። እህቴ በሩን ስትከፍት ያ ሁሉ ወሬ የት ይግባ! «ልቤ ታሟል፤ ሊከፍቱኝ ነው» አለና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። «ፈራሁ።»

ስታለቅስ የከረመችው ሴትዮ እንባ አልወጣትም። ክንዱን ያዘች።

«እስካሁን ብቻዬን ነበር የምፈራው» አለችው። «አሁን ሁለት ሆነናል፤ ግባ።»